ፋን የሌለው ኮምፒውተር

ጥር 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር ይስማማል፣ ማን ምን አለኝ፣ እሱን ብቻ ልጽፍበት። ሌላ ጣጣ አላስገባበትም።

መንዙማ አዜሚው ኡበይድ ሰባት መንዙማ ቀርፀህ ለረመዳን አድርስልኝ ብሎኛል። ደሴም አዲስ አበባም ስቱዲዮ ሞልቶ ሳለ፣ ሰው ፊት "እኔን የሚቀርፀኝ የሐይቅ ልጅ ነው" አለ። እኔ እስካሁን የሠርግ ሰው ነኝ። ኪቦርድና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ይዤ ከዳስ ወደ ዳስ ስዞር ዕድሜዬን ጨረስኩ። ይህ ሥራ ካማረልኝ ከዳስ ወጥቼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በጆሮዬ እንጀራ እበላለሁ። ካላማረ ከኡበይድ በኋላ ማንም አያምነኝም።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። ላፕቶፑን ስከፍት ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። "ሲ..." ይላል። እንደ ወባ ትንኝ ነው፣ ግን መጥታ የማታርፍ ትንኝ። ቀረጻው ውስጥ ከገባ አለቀልኝ። ስለዚህ ላፕቶፑ ይቅር። ዕቃ በዕቃ መርጬ፣ ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር አስገጥማለሁ።

ጥር 7

ደሴ ወጥቼ ዝናው የሚባለውን ባለሙያ አገኘሁት። ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ይገጣጥማል፤ ሱቁ ጠባብ፣ አፉ ሰፊ ነው።

"ለሙዚቃ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ አትሰስት" አለኝ። "የሰው ድምፅ በላይ በላዩ ስትደራርብበት የሚንተባተብ ፕሮሰሰር ይዘህ ምን ልትሆን? ራሙ አሥራ ስድስት ጊጋ ይብቃህ፣ ሲደላህ ትጨምርበታለህ። የቪዲዮ ካርድ ግን ምን ያደርግልሃል? መንዙማ በዓይን አይታይ!"

አሳቀኝ። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ተውነው፣ ሲዞር ይሰማልና፤ በማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ተስማማን። ስለ ፓወር ሰፕላዩ፣ ኤሌክትሪኩን ለዕቃዎቹ ስለሚያከፋፍለው፣ ግን ደጋግሜ ጠየቅሁት። ርካሹ ያፏጫል ሲባል ሰምቻለሁ። "አዎ፣ የሚያፏጭ አለ" አለና ላፕቶፔን አስከፈተኝ። ጆሮውን ለጥፎበት ቆየ።

"ሙንተሲር፣ እኔ ምንም አይሰማኝም።"

ሱቁ መንገድ ዳር ነው። በዚያ ሁሉ የሚኒባስ ጥሩንባ መሀል ምን ሊሰማው ይችላል?

ጥር 10

ሠርግ፣ ውጫሌ። ጀነሬተር ከኋላዬ፣ ስፒከር ከቀኝ ጆሮዬ አጠገብ። የሙሽራው ወንድም "ጨምር! ጨምር እንጂ!" ጨመርኩ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያ ድምፅ ነበር። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቷል። የጀነሬተሩ ርዝራዥ ይሆናል። ልተኛ።

ጥር 14

ሰው ሁሉ ሰሞኑን ማልጎምጎም ጀምሯል። ባለሱቁ ያልጎመጉማል፤ ኢማሙ ማይክ ይዞ ያልጎመጉማል። ሚስቴ ሂዳያ ደግሞ ብሶባታል። ሳቋ ከመንገድ ይሰማ የነበረ ሴት፣ አሁን ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው የምታወራው።

ዛሬ ከኋላዬ ሆና አንድ ነገር አለችኝ፣ ረዘም ያለ ነገር። ስለ ዘይት መሰለኝ። "እሺ፣ አመጣለሁ" አልኳት። ዘይት ገዝቼ ስገባ ጀሪካኑን አይታ፣ ሕፃን ልጃችንን ስህንን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንዳስከፋኋት እንጃ። ለካ ዘይት ነበረን።

ጥር 17

መጣ! ዝናው ገጣጥሞ በሚኒባስ ላከው። ካርቶኑን ከሹፌሩ ተቀብዬ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሙሽራ አቅፌው ቤት ገባሁ። ፓወር ሰፕላዩ ጥሩው ነው፤ ክብደቱ ራሱ ይናገራል።

ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩ። ላፕቶፑ ላይ ሲያዛጋ የነበረው የመቅረጫ ፕሮግራም ብድግ ብሎ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ሂዳያን ጠራኋት። ከዚያ ዝም ብለን አዳመጥን።

"ሲ..."

አለ። እዚያው አለ።

"ይሰማሻል?" አልኳት። ሰሞኑን አዲስ አመል አምጥታለች፤ ሳትናገር በፊት ዞራ ፊቴ ትቆማለች። ፊቴ ቆማ "ሹ... የሚል ነገር ይሰማኛል፤ የፋኑ ነው" አለች።

ፋኑ ነው! እሷ ሹ ትላለች፣ እኔ ሲ እላለሁ፤ ያው ነው።

ጥር 20

ፋኑን በእንጨት ደግፌ ለአፍታ አቆምኩት። ዝናው ቢያየኝ ይገድለኛል። ሂዳያ "ቆመ" አለች። ለእኔ አልቆመም።

እንግዲያው ኧርዙ ነው። ቤታችን የመሬት ሽቦ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ሲያጣ ስፒከሩ ውስጥ ገብቶ ይጮሃል። ጓሮ ቆፍሬ ረጅም ብረት ቀበርኩ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት ከሰልና ጨው ሞልቼ ውሃ አጠጣሁት። ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ከኮምፒውተሩ ኬዝ ጋር አሰርኩት። እጄ ተላጠ።

ምንም አልተለወጠም። ምናልባት መሬቱ እስኪጠጣ ይሆናል። ነገ ውሃ እጨምራለሁ።

ጥር 22

እማ ከጁምዓ በኋላ መጣች። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ በቀጥታ ወደ ጓሮ።

"ምንድን ነው የቀበርከው?"

"ብረት ነው እማ። ለኮምፒውተሩ።"

"ጨው አድርገህበታል?"

"አዎ።"

"ከሰልም?"

"አዎ።"

"ያ ረቢ! አገሩ ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ? የእኔ የኡሙሰልማ ልጅ ሲህር ቀበረ ነው የሚለው! ሠርግ የሚጠራው ሰው እንዲበዛለት ቀበረ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አንተማ ከየት ትሰማለህ!"

ድግምት! ከት ብዬ ሳቅሁ። እጇን ይዤ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጥኳትና "እስቲ ስሚልኝ" አልኳት። አጎንብሳ አዳመጠች። "ባጃጅ ነው የሚሰማኝ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ቆየች።

"ልጄ፣ ጆሮህ ነው እንዴ የሚጮኸው? ጆሮ ሲጮህ እኮ ስምህን የሚያነሣ ሰው አለ። በነቢዩ ላይ ሰለዋት አውርድ።"

"ኮምፒውተሩ ነው አልኩሽ!" ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላይ! ስህን ደንግጣ አለቀሰች። እማ ግን አልተቆጣችም። ሻሿን አስተካክላ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ "አብሽር" ብላኝ ወጣች። ያስፈራኝ ይኸው ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰለዋቱን አወረድኩ። ብዙ አወረድኩ። ድምፁ አልተወኝም።

ጥር 25

እህቴ ሀኒያ ከጅዳ ደወለች። ያዘዝኳትን ማቀዝቀዣ አግኝታዋለች፤ ፋን የሌለው፣ ብረት ብቻ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በራሱ የሚበትን። ወደ ሀገር የምትገባ ጓደኛዋ ይዛልኝ ትመጣለች።

"ምን ሆነህ ነው የምትጮህብኝ?" አለችኝ።

"ኔትወርኩ ነው፤ አትሰሚኝም ብዬ ነው።"

"እኔ እኮ ጥርት ብለህ ነው የምትሰማኝ።"

ስልኩን ከቀኝ ወደ ግራ ጆሮዬ አዞርኩት። በግራ ይሻላል። የስልኩ ስፒከር በአንድ በኩል ተበላሽቶ ይሆናል። ስልክ ደግሞ ያለው አንድ ስፒከር ነው። እንጃ።

ጥር 28

ዛሬ ቀረጽን። ፋኑን በካርቶን ከልዬ፣ ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ኡበይድን መሀል፣ ተቀባዮቹን ዙሪያውን አስቀመጥኳቸው። ኡበይድ ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲያነሣ ጠጉሬ ቆመ። ዜማው አምባሰል ነው፣ የዚሁ የተራራችን፤ ሰው ሳያለቅስ የሚያለቅስበት። ተቀባዮቹ ሲቀበሉት፣ ከበሮውና ጭብጨባው ሲገባ፣ ቤቱ ሞላ።

አንድ ነገር ልጻፍ። እነሱ ሲያዜሙ ያ ድምፅ ጠፋልኝ። ጭራሽ ጠፋ! በዚህ ሁሉ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፍኩት ያኔ ነው። እንደጨረሱ ግን መጣ። "ትንሽ ስህተት አለበት፣ እንድገመው" አልኳቸው። ስህተት አልነበረበትም። ሦስቴ አስደገምኳቸው። ኡበይድ ድምፁ እስኪሻክር አዜመልኝ፣ አንዴም አላጉረመረመም። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሲሄዱ ማስተካከል ጀመርኩ። ከበሮው ልክ ነው። የኡበይድ ድምፅ ልክ ነው። ጭብጨባው ግን ደብዝዞ ነው የተቀረጸው፤ ትራስ ላይ የሚያጨበጭቡ ነው የሚመስለው። ማይኩ ይሆናል። ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ ደግሜ ከፍ አድርጌ፣ ጭብጨባውን እንደምንም አወጣሁት።

የካቲት 1

ማቀዝቀዣው ደረሰ። ይዤ ደሴ ወጣሁ፤ ዝናው የድሮውን ፋን ነቅሎ ብረቱን ገጠመልኝ። ፓወር ሰፕላዩንም ፋኑ ሲሞቅ ብቻ በሚሽከረከር ቀየርነው። መከፈቱ የሚታወቀው በመብራቱ ብቻ ሆነ። ዝናው የሱቁን በር ዘግቶ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ አዳመጠ። "በል እንግዲህ" አለኝ፣ "ኮምፒውተር አልኩህ እንጂ መቃብር ነው የሠራሁልህ።"

"ወላሂ ምንም አይሰማህም?"

"ሙንተሲር፣ የሚሰማኝ ያንተ ትንፋሽ ነው።" ሁሌ የሚቀልደው ሰው አልቀለደም። "ሌላ ዕቃ የምገጥምልህ የለኝም" አለ።

ቤት አምጥቼ ከፈትኩት።

ሳውንድ ካርዱ ነው። ድምፅ የሚገባበትን የሚወጣበትን ዕቃ አልቀየርነውም እኮ! ሌላ ምን ቀረ? ሳውንድ ካርዱ ነው።

የካቲት 3

ሂዳያ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስህንን አጠገቤ አስተኝታ ነበር። ሄድፎን አድርጌ እየሠራሁ ነው። ድንገት ሂዳያ በሩን በርግዳ ገባች፤ ጀሪካኑን ጥላ። ስህን ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ታለቅሳለች። ከእኔ ክንድ አትርቅም።

"ከጎረቤት ሰምቼ ነው የመጣሁት!" አለች ሂዳያ።

"ሄድፎን አድርጌ ነው" አልኳት።

አንገቴን አየች። ሄድፎኑ አንገቴ ላይ ነበር። ካወለቅሁት ቆይቻለሁ። ልጇን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የካቲት 5

ከዓሱር ሶላት በኋላ ከኡበይድ ጋር ወደ አርዲቦ በኩል፣ ሸህ ሙሐመድሁሴን ዘንድ ሄድን። የኡበይድ ቤተሰብ ደንብ ነው፤ መንዙማ ሽማግሌዎች ሰምተው ዱዓ ሳያደርጉበት አደባባይ አይወጣም። ለዱዓ ተሰብስበው ሐድራ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎች ብቻ። ስፒከሩን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩ።

የኡበይድ ድምፅ ሲነሣ ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። "ማሻአላህ!" አሉ። ከዚያ ጭብጨባው ገባ። አንዱ የጥምጣማቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ጆሮአቸው ላይ ጣሉት። ሌላው ጆሮአቸውን የሚያክኩ መስለው ጣታቸውን አስገቡ፤ አላወጡትም። ሸህዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተመስጠው መስሎኝ ነበር፤ ግንባራቸው ግን ተቋጥሯል። ሰባቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አንድም "ይበቃል" ያለ የለም። እንግዳ ማሳፈር እዚህ ነውር ነው። ያ ጨዋነት አርባ ጅራፍ ሆነብኝ።

ሲያልቅ ሸህዬ እጃቸውን ዘረጉ። "አላህ እጅህን ይባርከው። ዓይንህንም ጆሮህንም ያቆይልህ።"

"አሚን!" አለ ሁሉም።

ይህ ለማንም የሚደረግ ዱዓ ነው። ለወጣት ሁሉ ይደረጋል። እኔ ግን አሚን ማለት አቃተኝ።

የካቲት 6

ዛሬ ከመስጊድ ስንወጣ ኡበይድ ክንዴን ያዘኝ።

"ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ጭብጨባው ጥፊ ሆኗል። ይወጋል። ሸህዬም አፍረውህ ነው እንጂ ራሳቸውን አሟቸው አደሩ።"

"ለእኔ እኮ ጭራሽ አይሰማም!" ብዬ አመለጠኝ።

ኡበይድ ክንዴን ለቀቀኝ። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ልስልስ ባለ ድምፅ፣ ለበሽተኛ በሚነገርበት ድምፅ፣ "እስከ ረመዳን ዋዜማ እጠብቅሃለሁ። ካልሆነ ደሴ እወስደዋለሁ፤ ቂም የለም" አለኝ።

ቂም የለም ነው ያለኝ። ቂም ቢኖር ምናለበት!

የካቲት 7

ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ወፍጮ ቆመ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ቆመ፣ የእኔም ኮምፒውተር ጨለመ።

"ሲ..."

ሶኬቱን ነቀልኩ። የኧርዙን ሽቦ ከኬዙ ፈታሁ። ሳውንድ ካርዱን ነቅዬ ውጭ አስቀመጥኩት። እንደ ዕብድ ስልኬን አጠፋሁ። ከዚያ ከቤት ወጥቼ በእግሬ ወደ ሐይቁ ሄድኩ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ሳልመልስ።

ውሃው ዝም ብሏል። አንድ ሰው ዳር ላይ መረቡን ይፈታል። ከእሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ድምፁ እዚያ ነበር። ሐይቁ ፓወር ሰፕላይ የለውም። ሐይቁ ፋን የለውም።

ሁለቱን ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። ጭራሽ ጨመረ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ የፈራሁት ገና ጥር ሳይገባ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ኡበይድን ማጣት አይደለም የሚያስፈራኝ። ስህን አፍ ስትፈታ፣ ያ ቀጭን የሕፃን ድምፅ፣ ሁሉም ሲስቅ እኔ "ምን አለች?" ብዬ ስጠይቅ፣ ያ ነው። ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ባለመረቡ ቀና ብሎ አይቶኝ መልሶ አቀረቀረ።

የካቲት 8

መብራት መጣ። ዕቃውን መልሼ ገጣጠምኩት። ሂዳያን ጠርቼ ስህንን ታቅፋ ስፒከሩ ፊት እንድትቀመጥ አደረግኳት። ፕሮግራሙ ውስጥ ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ አለ፤ ስፒከር የምንፈትሽበት። "እጅሽን አንሺ" አልኳት። "ድምፁ ሲጠፋብሽ አውርጂው።"

ከፈትኩት። ወፍራሙ መጣ። መካከለኛው መጣ። ቀጠነ፣ እንደ ፉጨት ሆነ፣ ከዚያ እንደ ክር። ከዚያ ምንም።

የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ። ቁጥሩ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው። ዞሬ ሂዳያን አየሁ።

እጇ እንደተነሣ ነው።

ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ዓይን ለዓይን ስንተያይ፣ ፊቷ ተለዋወጠ። እጇን አወረደችው። ስህን ግን በጭኗ ላይ ሆና ወደ ስፒከሩ ዞራ፣ አፏን ከፍታ፣ ገና ታዳምጣለች። ሂዳያ እጇን ያወረደችው አዝናልኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"ከጥር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ እኮ" አለች። እንባዋ በስህን ጠጉር ላይ ይወርዳል። "ምድጃው አጠገብ ሆኜ፣ ዓይንህን እያየሁ ማለት ፈርቼ ነው እንጂ ነግሬሃለሁ። ጆሮህን አሞሃል፣ ደሴ ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩህ። እሺ አልከኝ። ከዚያ ዘይት ገዝተህ መጣህ።"

የካቲት 9

ለዝናው ደወልኩ። በግራ ጆሮዬ።

"አሁን ደግሞ የቱ ዕቃ ጮኸብህ?" አለኝ።

"አንድ ሳውንድ ካርድ ላክልኝ። ሁለት ሄድፎን የሚሰካበት።"

"ለማን?" አላለኝም። "በከሰዓቱ ሚኒባስ እልከዋለሁ" አለኝ። ሄድፎን ደግሞ ከራሱ ጨመረበት፤ ካርቶኑን ስከፍት ነው ያገኘሁት።

የካቲት 10

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ሂዳያ አጠገቤ፣ ሄድፎኑ ከሻሿ በላይ። ስህን እማ ዘንድ ናት። መጀመሪያ አፍራ "እኔ ምን አውቃለሁ?" አለች። የጭብጨባውን ማስተካከያ ስነካ ግን እጄን ያዘችው። "አውርድ" አለች። አወረድኩ። "ገና ነው፣ አውርድ።" አወረድኩ። ለእኔ ጭብጨባው ራቀ፣ ደበዘዘ፣ ሄደ። በስክሪኑ ላይ ብቻ ሲዘል አየዋለሁ። ልቤ እምቢ አለ፤ ባዶ ቤት የማስረክብ መሰለኝ።

"እዚህ ላይ! ተው አትንካው" አለች፤ ፊቷ በራ። "እነሱ ራሳቸው እዚህ ቤት የተቀመጡ መሰለኝ።"

ሰባቱንም እንዲሁ አደረግን። ለኡበይድ ላክሁለት። የመለሰው በድምፅ ነው። ሁለቴ ሰማሁትና መጨረሻው ጠፋብኝ። ሂዳያ ፊቴ ዞራ ቃል በቃል ነገረችኝ፦ "አሁን ጭብጨባ ሆነ። ሸህዬ በስልክ ሰምተው አለቀሱ።"

ጨረቃ ታየች ከተባለ ነገ ጾም ነው። ደሴ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ የያዘችው ሂዳያ ናት፣ የምትሄደውም አብራኝ ነው።

ደብተሩ የተገዛው ለኮምፒውተሩ ነውና ስለ እሱም ልጻፍ። ፕሮሰሰሩ ጥሩ ነው። ራሙ በቅቶኛል። ፓወር ሰፕላዩ እንከን የለበትም። ድምፅ የለውም።